ጫማሽን ያወለቅሽበት የአምቡሊ ጥላ

ይድረስ ለየሺእመቤት፣ ለቤቴ እመቤት።

እንደምን ሰነበትሽ ብሎ መጀመር እጄ የለመደው ነው፤ ነገር ግን መልስ የማይገኝለትን ጥያቄ መጠየቅ ለተማረ ሰው አይገባምና እተወዋለሁ። ከተለየሽኝ ሰባት ዓመት ከአራት ወር ሆነ። በዚህ ሁሉ ጊዜ ለነጋዴዎች፣ ለባቡር ሠራተኞች፣ ባል ለራቃቸው ሴቶች ደብዳቤ ስጽፍ ኖሬ ላንቺ አንድ መስመር አልጻፍሁም። የምነግርሽ አጥቼ አይደለም፤ የምነግርሽ ነገር የሚያሳፍረኝ ስለ ሆነ ነው።

ቤታችን እንደ ነበረ ነው ብል እዋሻለሁ። በባሕሩ በኩል ያለውን የጣሪያ ቆርቆሮ ጨው በልቶ ወንፊት አድርጎት ስለ ነበር አስወርጄ በአዲስ አስለውጬዋለሁ። የውኃ በርሜሉን ከበር ወደ ውስጥ አስገባሁት፤ ወገቤ እስከ በር ድረስ እንኳ መመላለስ ጠላ። ዓይኔ ደክሞ ከግሪኩ ሱቅ መነጽር ገዛሁ፤ አንዱ ጆሮው ተሰብሮ በክር አስሬዋለሁ። ብታዪኝ አፍሽን በነጠላሽ ሸፍነሽ ትስቂ ነበር። አልጋሽ በቦታው አለ። ሌላው ሁሉ አቧራ ለብሷል፤ አንቺ አቧራን እንደ ጠላት ታሳድጂው ነበር፣ እኔ ግን ታርቄዋለሁ።

አሁን ወደ ነገሬ ልግባ። ታናሽ ወንድምሽ ደገፋ መጥቷል። ከቡልጋ ተነሥቶ ባቡር እስከሚገኝበት ድረስ በእግሩ፣ ከዚያ ወዲያ በባቡር ተጉዞ፣ ከሦስት ሳምንት በፊት በራችን ላይ ቆመ። በትከሻው በበግ ለምድ የተጠቀለለ ሳጥን ነበር፤ ከጽድ እንጨት በገዛ እጁ ጠርቦ የሠራው፣ ቁመቱ ሁለት ክንድ የማይሞላ። ሳይፈታው ምን እንደ ሆነ ዐወቅሁ።

በሞትሽ ዋዜማ የአንገትሽን ማተብ በእጄ አስይዘሽ፣ «ሰባት ዓመቴ ሲሞላ ዐፅሜን ወደ እናቴ ደብር መልስልኝ፤ ከጽዱ ሥር አሳርፈኝ» ብለሽኛል። እኔም መስቀልሽን ስሜ እሺ ብያለሁ። ሰባቱ ዓመት ሲሞላ ግን ዝም አልሁ። ወንድምሽ ሲጠብቅ፣ ሲጠብቅ፣ ዝምታዬ ሲረዝምበት ራሱ መጣ።

እኔ ምን እንዳደረግሁ ስሚ። እግሩን እንኳ ሳይታጠብ፣ ጎረቤት ተሰብስቦ እየሰማ፣ ዐፅም ማፍለስ የቅዱሳንና የነገሥታት ሥርዓት እንጂ የገበሬ ልጅ ወግ አይደለም አልሁት። መሬት ሁሉ አንድ ፈጣሪ የባረከው እንደ ሆነ በግእዝ ደርድሬ፣ ሳልተረጕምለት ተውሁት። «ፊደል ያልቆጠረ ሰው የመቃብርን ሥርዓት ሊያስተምረኝ መጣ!» ብዬም ሳቅሁበት። ደገፋ ሳጥኑን እንደ ተሸከመ ቆሞ ሰማኝ። ከዚያም እንዲህ አለኝ፦ «የኔታ፣ እውነትዎ ነው፤ ፊደል አልቆጠርሁም። እህቴ ከተቀበረች ስንት ዓመት እንደ ሆነ ግን ቆጥሬያለሁ።» ሲወጣም ዘወር ብሎ፣ «ዛፍ በማይበቅልበት አሸዋ ውስጥ ጥለዋት ነው እንግዲህ ሥርዓት የሚነግሩኝ?» አለና ከባቡር ጣቢያው አጠገብ ከሚኖር ያገሩ ሰው ቤት ገባ።

ሥርዓቱ አልነበረም የከለከለኝ፣ የሺ። ላንቺ አልዋሽም። ልጅ አልተሰጠንም። በየእሑዱ መቃብርሽ አጠገብ እቀመጣለሁ፤ በቀኝሽ በኩል ያለውንም ባዶ ቦታ ለራሴ ብዬ በድንጋይ ከልዬዋለሁ። አንቺ ከሄድሽ እኔ በዚህ አገር ከማን ጋር እቀበራለሁ? ተከትዬሽ እንዳልሄድ፣ ያ የእናትሽ ደብር የመሪጌትነቱን ወንበር ከእኔ ለሚያንስ ሰው በሰጠ ቀን፣ ደጁን ዳግም አልረግጥም ብዬ የማልሁትን አንቺም ታውቂያለሽ። በመሐላዬ ምክንያት ነው አንቺን ከአገርሽ ያወጣሁሽ፤ በዚያው መሐላ ምክንያት ደግሞ እንዳትመለሺ ያዝሁሽ።

የወንድምሽ ቃል ግን እንቅልፍ ነሣኝ። ዛፍ በማይበቅልበት አለ። ይህን አንድ ቃል ላፈርስበት ፈለግሁ። እሑድ ከቀትር በኋላ ከዘራዬን ይዤ ወደ አምቡሊ ወረድሁ፤ በወንዙ ዳር ያለውን ያን ትንሽ ደን በዓይኔ አይቼ፣ ደገፋን እጁን ይዤ ወስጄ፣ እነሆ ጥላ፣ እነሆ ወንዝ፣ እነሆ ወፍ ልለው፤ ይህ ይበቃታል ልለው።

እዚያ ስፍራ ዕድሜዬን ሙሉ እግሬን አላሳረፍሁም። ምክንያቱን አንቺና እኔ እናውቃለን። መጀመሪያ ወደዚህ አገር ስንመጣ፣ በባቡሩ መስኮት ቀኑን ሙሉ ጥቁር ድንጋይና እሾህ ብቻ አይተን፣ ወደ ማታ ወንዙን ስንሻገር ያ አረንጓዴ ድንገት ብቅ አለ። አንቺ ብድግ ብለሽ ነጠላሽን አመሳቀልሽ፤ ሦስት ጊዜ ሰገድሽ፤ «ተመስገን፣ እዚህም ታቦት አለ!» ብለሽ በዕንባ ተሳለምሽ። በአገራችን ዛፍ ተሰብስቦ ከቆመ በመካከሉ ቤተ ክርስቲያን እንዳለ ሕፃን እንኳ ያውቃልና እንዳገርሽ ልማድ አደረግሽ። ሰው ሳቀ። እኔ ከሚስቴ ጋር ማፈር ሲገባኝ ከሚስቁት ጋር ሆንሁ፤ «ተቀመጪ፣ ሴትዮ፤ ይህ የፈረንጅ ጎመን የሚበቅልበት ማሳ ነው» አልሁሽ። እስክንወርድ ድረስ ነጠላሽን ወደ ፊትሽ ስበሽ ተቀመጥሽ። ከዚያ በኋላ ስንት ዓመት ለእንግዳ ሁሉ ያንን እንደ ተረት ሳወራ፣ አንቺ ምግብ እያቀረብሽ ፈገግ ትዪ ነበር። ያ ፈገግታ ይቅርታ ይመስለኝ ነበር።

ደኑ ትንሽ ነው። ዳር እስከ ዳር ለመሄድ አንድ አባታችን ሆይ አይፈጅም። የወንዙ አልጋ ነጭ አሸዋና ድብልብል ድንጋይ ነው፤ ውኃው ከመሬት በታች ይሄዳል እንጂ አይታይም። ከዳሩ ቴምሮች ተደርድረዋል፤ ከኋላቸው ግራርና ሁመር፣ ከሥራቸው ጎመንና ሰላጣ የተዘራባቸው መደቦች። አንድ በሬ ከጉድጓድ ውኃ እየሳበ ይመላለሳል፤ መዘውሩ ሲጮኽ ከሩቅ ይሰማል። ፈረንጆች ጥላ ዘርግተው በወንበር ተቀምጠዋል፤ ሱማሌዎቹ ሴቶች ሣር አስረው ያልፋሉ። ከባሕሩ ግለት ስገባ ጥላው እንደ እርጥብ ጨርቅ ግንባሬ ላይ አረፈ። ይበቃታል፣ ይበቃታል እያልሁ በልቤ ለደገፋ የምናገረውን ሳዘጋጅ፣ ከመደቡ መካከል አንድ ጢሙ ነጭ የሆነ የየመን አትክልተኛ ቀና ብሎ አየኝ፤ የትከሻዬን ጋቢ አይቶ በአማርኛ፣ ያውም በቡልጋ ዜማ፣ «እንደምን ዋሉ?» አለኝ።

ከማን እንደ ተማረው በአረብኛ ጠየቅሁት። «ከእሜቴ» አለኝ። «በየሳምንቱ ጎመን ልትገዛ የምትመጣ፣ ቀጭን፣ እዚህ ጉንጯ ላይ ጠባሳ ያላት። ከብዙ ጊዜ ወዲህ ቀረች። ታማ ነው?»

የሺ፣ ያ ጎመን ከገበያ የመጣ ይመስለኝ ነበር። ቅዳሜ ቅዳሜ ረፈድሽ ብዬ ስቆጣሽ፣ አንቺ ያን ሁሉ መንገድ በእግርሽ ሄደሽ መመለስሽ ኖሯል። ሞታለች አልሁት። አረቡ እጁን ወደ ሰማይ ዘርግቶ ጸለየልሽ፤ ከዚያም ና ብሎ ወደ ወንዙ ዳር ወሰደኝ።

«እዚህ ስትደርስ ጫማዋን ታወልቃለች» አለኝ። «መጀመሪያ ቀን፣ እሜቴ፣ ይህ መስጊድ አይደለም፣ ቤተ ክርስቲያንም አይደለም፣ እሾህ ይወጋሻል አልኋት። ዐውቃለሁ አለችኝና ሳቀች። ባሌ ትልቅ ሊቅ ነው፣ ቤተ ክርስቲያን አለመሆኑን እሱ ነግሮኛል አለችኝ።»

በወንዙ ዳር፣ ከአንድ ግራር ጥግ፣ ክብ ሆኖ የተደረደረ ድንጋይ አሳየኝ። በመካከሉ ምንም የለም፤ አሸዋ ብቻ ነው። ከእናትሽ ደብር በነጠላሽ ጫፍ ቋጥረሽ ያመጣሽውን የጽድ ፍሬ እዚያ መዝራትሽን ነገረኝ። ሁለት ጊዜ ሳይበቅል ቀረ። በሦስተኛው በቀለ፤ ጣት የምታህል ሆነች፤ አንቺም በእፍኝሽ ውኃ እያመጣሽ አጠጣሻት። በበጋው ትኩስ ነፋስ በአንድ ቀን ደረቀች። «የቴምር ችግኝ ልስጥሽ አልኋት» አለ አረቡ። «ራሷን ነቀነቀች። እዚህ አገር ጥሩ ነው፣ እናንተም ጥሩዎች ናችሁ፣ ግን እኔም እንደ ዛፌ ነኝ አለችኝ። አላለቀሰችም። ጎመኗን አስራ ሄደች።»

ክርክሬ ሁሉ ከእጄ ወደቀ። ይበቃታል ልል የሄድሁበት ስፍራ እንደማይበቃሽ አንቺ ራስሽ ቀድመሽ ሞክረሽ ዐውቀሽ ነበር። ሊቁ ባልሽ ይህን ሳያውቅ ቅዳሜ ቅዳሜ ጎመኑ ጨው በዛበት ይል ነበር።

ከወንዙ አልጋ የአቅሜን ድንጋይ አነሣሁና በማጅራቴ ተሸከምሁ። ሰው በድሎ ይቅርታ ሲለምን እንዴት እንደሚሄድ ታውቂያለሽ፤ እኔ ግን በዕድሜዬ በሌሎች ላይ ስፈርድ ኖርሁ እንጂ ራሴ ተሸክሜ አላውቅም። መንገዱ ረዘመብኝ። አንድ ሱማሌ ወዛደር አይቶኝ፣ «አባባ፣ ድንጋይ በከተማውም ሞልቷል፤ ወይስ የአምቡሊው ይጣፍጣል? አምጣው እኔ ልሸከምልህ» አለኝ። ጓደኞቹ ሳቁ። ይህን ሌላ ሰው አይሸከምልኝም ብዬው አለፍሁ።

ደገፋ ካገሩ ሰው ቤት ደጅ ተቀምጦ የጫማውን ጠፍር ይሰፋል። ከፊቱ ቆሜ አንገቴን ደፋሁ። ቀና ብሎ አየኝ፤ መርፌውን አልተወም። ጥቂት ስፌት ጨምሮም፣ «ምነው የኔታ፣ ድንጋይዋ ለስድቡ አነሰችሳ» አለኝ። እውነቱን ነበር። «ያቅሜን ነው» አልሁት። ያን ጊዜ መርፌውን ጣለ፤ ተነሥቶ ድንጋዩን በሁለት እጁ አወረደልኝ፤ «ስለ እህቴ ብዬ ይቅር ብያለሁ» አለ።

የመንግሥትን ፈቃድ አግኝተን ዛሬ ማክሰኞ በማለዳ መቃብርሽን ከፈትን። ጸሎቱን እኔ ደገምሁ፤ ድምፄ ሁለት ጊዜ ሲቋረጥ ደገፋ ራሱን አዙሮ ጠበቀኝ። የማተብሽ ክር በስብሶ መስቀሏ ብቻ ቀርታ ነበር። ለራሴ ላስቀራት በመዳፌ ጨበጥኋት፤ አልዋሽሽም፣ እስከ ኪሴ አድርሻት ነበር። መልሼ ከዐፅምሽ ጋር አኖርኋት። በአዲስ ሸማ ጠቅልለን በሳጥኑ አስገባንሽ። ዛሬ እቤትሽ ታድሪያለሽ፤ ሳጥኑ ከአልጋሽ ላይ ነው። ነገ ጧት ባቡሩ ይነሣል።

እኔ አልከተልሽም። ደገፋ፣ «እስከ ደጁ ይምጡ፤ ደጁን አይረግጡም፤ እኛ ወደ ውስጥ ስንገባ እርስዎ ከውጭ ይቆማሉ» ብሎኛል፤ ሲለኝ ፈገግ ብሏል። ነገር ግን ከባቡሩ ወዲያ ያለው የብዙ ቀን ዳገት ለዚህ ጕልበት አይሆንም። ካንቺ ጋር ለመሄድ የሚችል እግር በነበረኝ ጊዜ ልብ አልነበረኝም።

አንድ ነገር ይቀረኛል። ስሞት ተመልሰህ መጥተህ እኔንም ውሰደኝ፣ ከአጠገቧ አሳርፈኝ ብዬ ለወንድምሽ መንገር ነበረብኝ። ዛሬ ማታ እራት አብረን በላን፤ ሦስት ጊዜ ጀምሬ ሦስት ጊዜ ስለ ባቡሩ ሰዓት ጠየቅሁት። ከደጁ ውጭ ቢቀብረኝ እንኳ ይበቃኝ ነበር። ይቅርታ መለመንን በዚህ ሳምንት ተምሬያለሁ፤ ውለታ መለመንን ግን ገና አልተማርሁም። ነገ ፊሽካው እስኪነፋ ድረስ ጊዜ አለኝ።

ብናገርም ባልናገርም፣ በሕይወት ሳለሁ ስምሽን ከጸሎቴ አላጎድልም። ቅዳሜ ቅዳሜ፣ እግሬ እስከሚያደርሰኝ ቀን ድረስ፣ አምቡሊ ወርጄ ከዚያ ባዶ ክብ አጠገብ እቆማለሁ። ቤተ ክርስቲያን እንዳልሆነ ዐውቃለሁ።

ባልሽ፣
ወልደ ሚካኤል