ቀለበቱን ያላለፈው ዱላ

ሰኞ፣ የካቲት 3

…ዱላውን ራሴ ነኝ አውጥቼ የሰጠኋት። ያኔ በጦርነቱ ጊዜ፣ ትምህርት ቤቱ በተፈናቃይ ተሞልቶ፣ ልጆች ዴስክ ላይ እየተኙ… ቶይባ የስፖርት ዕቃ ክፍሉ በር ላይ ቆማ፣ ሙቀጫ አግኝቼ ዘነዘና አጣሁ አለችኝ። ከቆቦ ልጇን ይዛ የሸሸች። ያለንን አንድ የሶፍትቦል ዱላ፣ ኳስ መምቻውን፣ ሰጠኋት። አሉሚኒየም ነው፣ ውስጡ ባዶ። ወር ሙሉ በቆሎ ወቀጠችበት።

ዛሬ ልጇ ሉብና በዚያው ዱላ ስትመታ ኳሷ ከአጥር ወጣች። ሌሎቹ አጨበጨቡ። እኔ ለምን ያ ቀን ትዝ አለኝ?

ሐሙስ፣ የካቲት 6

ቅዳሜ ወልድያ ላይ የትምህርት ቤቶች ውድድር አለ። ለክልል ቡድን የሚመረጡበት። ዱላ የምፈትሸው እኔ… የመርሳ ልጆች አሰልጣኝ ሆኜም። ሕጉን አንብቦ የጨረሰ ሌላ ሰው ስለሌለ። ብየዳ ቤት ያሠራሁት የብረት ቀለበት አለኝ፤ ዱላው ሙሉውን ሊያልፍበት ይገባል። ተደብድቦ ያበጠ አይፈቀድም።

የሉብና አጎት የጅዳ ጉዞዋን ጨርሷል። ከተመረጠች ትቅር፣ ትማር ብሏል። ካልተመረጠች ጾሙ ሳይገባ ትሄዳለች።

የኛን ዱላ በቀለበቱ አልሞከርኩትም። ለምን?

ቅዳሜ፣ የካቲት 8

አላለፈም። ጫፉ ላይ ቆመ።

የወልድያዎቹ አሰልጣኝ ሃፍቶም መጀመሪያ ቀለደ። እናንተ ጋ ዱላም ይወፍራል እንዴ አለ። ፊቴን ሲያይ ጠጋ ብሎ፣ "አብዱልሐሊም፣ እብጠቷ ጥፍር አታህልም። እኔ ካልከሰስኩ ማን ይከስሃል? አሳልፋት" አለኝ።

አምና የሐራን ትምህርት ቤት ልጆች በዚሁ ቀለበት መልሻለሁ። አልቅሰው ነበር። ዘንድሮ ለራሱ ተማሪ ሲሆን… እንዳይሉኝ። አይሆንም አልኩ።

ሃፍቶም ለሉብና የራሱን ዱላ አዋሳት። ዱላው ቀለላት መሰለኝ። ሦስት ጊዜ ልትመታ ወጣች፣ ሦስቴም ሳተች።

እሑድ፣ የካቲት 9

ስሟ የለም።

ሐሙስ፣ የካቲት 13

ቶይባን መንገድ ላይ አገኘኋት። ደህና ነን አልሐምዱሊላህ አለች። ልጇን አላነሳችም። ዱላው ከጨዋታ ከወጣ ለሙቀጫዬ ይሆነኛል አለችኝ። አሽሟጠጠችኝ? አይመስለኝም… ብታሽሟጥጠኝ ይሻል ነበር።

ረቡዕ፣ የካቲት 19

ሉብናን ልሸኝ መናኸሪያ ሄድኩ። ዱላውን በጋዜጣ ጠቅልዬ ለቶይባ ሰጠኋት። ሳትፈታው ብብቷ ሥር ያዘችው።

ሉብና ሚኒባሱ ውስጥ በሩ አጠገብ ተቀምጣለች። አዲስ ጫማ። አውፍ በሉኝ አለችኝ። ይቅር በሉኝ ማለት ያለብኝ እኔ ነበርኩ።

"ቲቸር፣ ያኔ ለእማ ሲሰጧት እንደሚያብጥ ያውቁ ነበር?"

"አውቅ ነበር።"

"ታዲያ ለምን ሰጧት?"

ቀለበቱ ኪሴ ውስጥ ነበር። እጄ ገብቶ ያዘው። ረዳቱ ሞልቷል ብሎ በሩን ሳበው።

ተዘጋ።