በግል ጊዜው ለሞተው ትራፊክ ፖሊስ

ለክቡር የፖሊስ መምሪያው የመታሰቢያ ኮሚቴ ሰብሳቢ፦

ክቡርነትዎ እንደምን ሰነበቱ? ጤናዎ፣ ወንበርዎና ማኅተምዎ በያሉበት ደኅና እንደሆኑ ተስፋዬ ጽኑ ነው። እኔ ሠላሳ ዓመት በመዝገብ ቤት ያገለገልኩ ጡረተኛ ስሆን፣ የትምህርት ቤቱ ልጆች ጋሽ ፊሽካ ይሉት ከነበረው ከሟቹ ትራፊክ ፖሊስ ጋር ግድግዳ የምንጋራ ጎረቤታሞች ነበርን። በሥራ ላይ ለወደቁ ፖሊሶች ባቆማችሁት እብነ በረድ ላይ ስሙ ያልተቀረጸበትን ምክንያት ለባለቤቱ በደብዳቤ ስላሳወቋት ከልብ አመሰግናለሁ። ሌላው መሥሪያ ቤት የሚያስለቅሰው በቃል ብቻ ነው።

፩ኛ፦ እንደ ደብዳቤዎ ሟቹ ተረኛነቱን የጨረሰው በስድስት ሰዓት ነው፤ ፍሬኑ እምቢ ያለው የጭነት መኪና የገጨው ግን ስድስት ሰዓት ከአሥራ ሁለት ደቂቃ ላይ ስለሆነ የሞተው በግል ጊዜው ነው። ተተኪው ገና መንገድ ላይ ነበር። በጣቢያችሁ ግን የቀኑን ርክክብ ሁሉ ጠዋት አስቀድሞ የመፈረም ልማድ ስላለ፣ መዝገቡ በሰዓቱ ተረካክበዋል ይላል። በመዝገብ ቤት ዘመኔ ብዙ ጉድ አይቻለሁ፤ ሟችን ከመሞቱ በፊት ከሥራ የሚያሰናብት መዝገብ ሳይ ግን ይህ የመጀመሪያዬ ነው።

፪ኛ፦ ሰው በግል ጊዜው የደንብ ልብስ ለብሶ፣ ፊሽካ ነክሶ፣ ተማሪዎችን ከዜብራው ላይ እየገፋ ሲያወጣ መገኘቱ በእርግጥ አሳሳቢ ነው። ባለቤቱ ቋጥራ የሰጠችውን የምሳ ሳህን ሳይከፈት ከቆቡ ጋር ስትረከብ፣ ጊዜው የግሉ ከነበረ ምነው ምሳውን እንኳ ሳይበላ ብላ ጠይቃኛለች። እኔም ጥያቄዋን ለሚመለከተው ክፍል መርቼዋለሁ፤ የሚመለከተው እርስዎን ነው።

፫ኛው ቅሬታ አይደለም፣ አድናቆት ነው። በመታሰቢያው ዕለት የአበባ ጉንጉኑን እንዲይዝ ያንኑ ተተኪ መምረጣችሁ ተገቢ ነው፤ ሰዓት አክባሪነቱ በመዝገብ የተረጋገጠ ነውና።

የምለምነው በእብነ በረዱ ላይ አንድ መስመር ብቻ ነው። የኮሚቴው አባላት ስም በወርቅ ቀለም ከደመቀበት ግርጌ ለአንድ ሰው የሚበቃ ቦታ እንዳለ በስንዝሬ ለክቼ አረጋግጫለሁ።

ከዜብራው ዳር ሆኜ፣ ግራና ቀኝ አይቼ፣ በታላቅ አክብሮት እጅ እነሣለሁ፤
የጋሽ ፊሽካ ጎረቤት

ድኅረ ጽሑፍ፦ ክቡርነትዎ ለመታሰቢያው አርባ ደቂቃ ዘግይተው ቢደርሱም፣ ቃለ ጉባኤው በሰዓቱ ከፈቱት ይላል። እንግዶቹ ጥላ ፍለጋ ሲበተኑ የሟች ባለቤት ፀሐይ ላይ ቆማ ጠበቀችዎ። አረፍ በይ ብንላትም እምቢ አለች፤ የሚጠበቀው ሰው ሳይመጣ ቦታ መልቀቅ በቤታቸው ነውር ነው።