አስታማሚ ለሌለው እግር አልጋ ስለመከልከሉ

ለክቡር የሆስፒታሉ ዋና ሥራ አስኪያጅ፤

ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? በተለይ እግሮችዎ ደኅና እንዲሆኑ ከልብ እመኛለሁ፤ ሁለቱም እንደሚታዘዙልዎት ከቢሮዎ ደረጃ ሲወርዱ አይቻለሁ።

እኔ ጡረታ የወጣሁ ልብስ ሰፊ ነኝ። ከዘጠኝ ዓመት በፊት የጋለ ካውያ ወድቆብኝ ከቁርጭምጭሚቴ በላይ የቆሰለው እግሬ አልድን ብሎ ኖሯል። ሐኪሙ ከጭኔ ቆዳ ተነሥቶ ቢለጠፍበት እንደሚድን ነገሩኝ። የቀረውን እርስዎ ስለሠሩት ምስጋናዬ እነሆ፦

፩. «አስታማሚ የሌለው ታካሚ አልጋ አይዝም» በሚለው መመሪያዎ ቀጠሮዬን አራት ጊዜ ስላራዘሙልኝ አመሰግናለሁ።

፪. የመዝገብ ክፍል ሠራተኛዎ ወረፋው ሁሉ እየሰማ «አባባ፣ እንዴት አንድ ሰው እንኳ አይኖርዎትም?» ብላ ስለጠየቀችኝ አመሰግናለሁ። ይህንኑ ጥያቄ እኔ ቤቴ ውስጥ ራሴን ስጠይቅ ይህን ያህል አይጮኽም ነበር። ባለቤቴ ካረፈች ስድስት ዓመት ሆናት፤ ልጅ አልወለድንም። ወንድሜ በቁስሉ ሽታ ምክንያት መጀመሪያ መስኮት ከፍቶ ይቀመጥ ነበር፤ ቀጥሎ በስልክ ብቻ ይጠይቀኝ ጀመር፤ ኋላ ያንንም ተወው። አልፈርድበትም፤ እኔም ብችል ኖሮ ከእግሬ ራቅ ብዬ እቀመጥ ነበር።

፫. መመሪያዎን አክብሬ ሰው ፍለጋ እንድወጣ ስላደረጉኝም አመሰግናለሁ። የሠርግ ሱፉን የሰፋሁለት ደንበኛዬ በሩን ገርበብ አድርጎ «ነገ እመጣለሁ» አለኝ፤ ነገም ከነገ ወዲያም ጠበቅሁት። በመጨረሻ ቁስሌን የምታጥበው ነርስ የአስታማሚውን ቅጽ ከእጄ ወስዳ፣ «ዝምድና» የሚለው ላይ ስትደርስ «ልጅ ብዬ ልጻፍ?» አለችኝ። ራሴን በአዎንታ ነቀነቅሁ።

ቀዶ ሕክምናው ተደረገልኝ። በአምስተኛው ቀን ሐኪሙ ፋሻውን ፈትተው «ቆዳው ይዟል!» አሉ። ለማን እንደምናገር ግራና ቀኝ አየሁ፤ ነርሷ ተረኛ አልነበረችም፤ የጎን አልጋው በጠያቂዎቹ ተከቧል። እግሬን አንሶላ አልብሼ፣ ዘጠኝ ዓመት የጠበቅሁትን የምሥራች ለግድግዳው ነገርኩት።

ክቡርነትዎ ከጠያቂና ከአጃቢ ሳይለዩ ረጅም ዕድሜ እንዲኖሩ እየተመኘሁ፣ ከታላቅ አክብሮት ጋር እሰናበታለሁ።

የአልጋ ቁጥር አሥራ ሰባት የቀድሞ ተኚ

ማስታወሻ፦ ነርሷ «ምንም ዝምድና ሳይኖራት በሐሰት ፈርማለች» ተብላ በፊርማዎ ማስጠንቀቂያ እንደተጻፈባት ሰምቻለሁ። በተኛሁባቸው አሥራ ሁለት ቀናት ከእርሷ ሌላ የጠየቀኝ እውነተኛ ዘመድ በመዝገብዎ ከተገኘ፣ እባክዎ አድራሻውን ይላኩልኝ፤ ልተዋወቀው እፈልጋለሁ።