የጋሽ ይማም ባዶ ቅጾች

ሰኞ፣ የካቲት 9፣ ከቀኑ 10፡00

ዛሬም ከዳባት አሥራ አራት የግዢ ትዕዛዝ። አሥራ አራቱም ላይ «አይቻለሁ» ብዬ ፈረምኩ። አየሁ እንዴ? እንጃ።

ደብተሬ፣ ጾሙ ገባ። ራሴን ከጠዋት ጀምሮ ይወቅረኛል። ቢሮው ይበርዳል፣ ኔትወርክ የለም። የደባርቅ ሰው የአክሲዮን ደላላ ሲባል ዛሬም የከብት ደላላ ይመስለዋል፤ ዓርብ ዕለት አንዱ በቅሎ አሻሽጪኝ ብሎ መጥቶ ነበር።

ዋ/መ/ቤት ያችኑ ደብዳቤ ለሦስተኛ ጊዜ ልኳል። ተቆጣጣሪ ትዕዛዝ ከማጽደቁ በፊት ለደንበኛው ደውሎ ያረጋግጥ፤ ደላላው ለሚያጠፋው በሕግ የሚጠየቀው ድርጅቱም ነው፣ ወዘተ። ተቆጣጣሪዋ እኔ ነኝ። በምን ኔትወርክ ልደውል? ፋይል አደረግኩት። ደግሞስ የዳባቱ ደላላችን ደሳለኝ ነው። ለቅሶ አይቀር፣ ሰርግ አይቀር፣ አገር የሚያምነው ልጅ።

ከምሳ በኋላ ጋሽ ይማም መጡ። ዳባት ጨርቅ ይሸጣሉ። አክሲዮናቸው ይሸጥላቸው፤ ዘንድሮ ከባለቤታቸው ከወ/ሮ ዘይነባ ጋር ሐጅ ሊሄዱ ነው። ምዝገባው በዚህ ወር ያበቃል። ገንዘቤ ወለድ ያልነካው ስለሆነ ልቤ ንጹሕ ነው አሉኝ። ይህንኑ ሦስት ጊዜ ደጋገሙት። ለሐጅ የሚወጣ ገንዘብ ንጹሕ መሆን አለበት። ደስታቸው ለእኔም ተረፈኝ።

ማክሰኞ፣ የካቲት 10

የጋሽ ይማምን ፋይል ለሽያጭ ከፈትኩ። ምነው ባልከፈትኩት።

የመጀመሪያው ገጽ ላይ በእጃቸው፦ ወለድ ያለበት አልፈልግም። ከሥሩ ያሉት ትዕዛዞች ግን በሙሉ የባንክ አክሲዮን ናቸው፤ በወለድ የሚያበድር ባንክ። ፊርማው የሳቸው፣ በሰማያዊ። የአክሲዮኑ ስም የተሞላው በጥቁር፣ በደሳለኝ እጅ ጽሑፍ። በእያንዳንዱ ኅዳግ ላይ ደግሞ «አይቻለሁ»። የኔ።

ዳባት ሄጄ ደሳለኝን ራሱን ልጠይቀው ነው። 

ሐሙስ፣ የካቲት 12

በሚኒባስ ዳባት ደርሼ መጣሁ። ዛሬ ረመዳንም ገብቷል፤ የጋሽ ይማም ሱቅ ዝግ ነው። እሰይ አልኩ። ፊታቸውን ማየት ፈርቼ ነበር።

ደሳለኝ ምንም አልደበቀም። መሳቢያውን ስቦ ክምሩን አሳየኝ፦ የተፈረመባቸው ባዶ ቅጾች። መንገድ ሲዘጋ፣ ኔትወርክ ሲጠፋ ሰው ከየት መጥቶ ይፈርማል? ከበየዳ የሚመጣውማ ተመላልሶ አይችለውም። አንድ ጊዜ ሲመጡ ሃያውንም ይፈርማሉ፣ እሱ ገበያውን አይቶ ይሞላል። ለጋሽ ይማም ከወለድ ነፃ የሆነ አክሲዮን ሲጠብቅ ሲጠብቅ አጣ። ገንዘቡ ከሚተኛ ብሎ ባንክ ገዛላቸው። ኮሚሽኑንም አልጠላውም፣ ይህን ራሱ ነገረኝ። የአክሲዮኑ ዋጋ ጨምሯል።

«እትዬ፣ አተረፉ እንጂ አልከሰሩ። ማን ተጎዳ?»

ተናድጄ ልጮህበት አፌን ስከፍት እሱ ቀድሞ ሌላ ነገር አስታወሰኝ። አምና ክረምት መንገድ የተዘጋ ጊዜ ይህን መላ መጀመሪያ ያማከረኝ እኔን ነው። ጥሩ ዘዴ ነው ብዬዋለሁ። እውነቱን ነው፣ ብዬዋለሁ። የተቀመጥኩበት ወንበር ጠበበኝ።

ክምሩን በፌስታል አድርጌ ይዤ ተመለስኩ።

ዓርብ፣ የካቲት 13

ኔትወርክ መጣ። ለድርጅቱ ሥ/አስኪያጅ ደወልኩ። አልተቆጣም፣ ያ ነው የከፋው። ደንበኛው አላማረረም፤ ሸጠሽ ክፈያቸው፣ በሰላም ይሂዱ፤ ደሳለኝን በቃል ገሥጪው፤ ሪፖርት ላይ አይግባ። ከገባ የልጁ ፈቃድ ይነጠቃል፣ ያንቺም ወንበር አይተርፍም አለኝ። እንደ ወንድም ነው የመከረኝ።

ጋሽ ይማም መቼም አያውቁም። ንጹሕ ባልሆነ ገንዘብ ካዕባን ዞረው ይመለሳሉ፣ ሰዉም እንኳን ደህና መጡ ይላል። ከኔ፣ ከደሳለኝና ከሥ/አስኪያጁ በቀር የሚያውቅ የለም።

ደክሞኛል፣ ደብተሬ። ሃያ ዓመት ባንክ፣ አሁን ደግሞ ይኼ። ልጄ ጎንደር ገና ሁለተኛ ዓመት ናት። ዝም ብል ማን ይፈርድብኛል?

ሰኞ፣ የካቲት 16

ነገርኳቸው።

ጠዋት ነው የመጡት። ሁለታችንም ጾመኞች፣ ውሃ እንኳን አላቀርብላቸው። የመሸጫውን ቅጽ ሊፈርሙ እስክሪብቶ ሲያነሱ እጃቸውን ያዝኩ። ሁሉንም ዘረገፍኩ፦ ባንኩን፣ ባዶ ቅጾቹን፣ ፊርማዬን።

እስክሪብቶውን አስቀመጡ። ይሰድቡኛል ብዬ ነበር። ቢሰድቡኝ ይቀለኝ ነበር።

«እኔ ደሳለኝን አምኜ ባዶ ወረቀት ፈረምሁ። ጥፋቴ ነው» አሉ። «አንቺን እዚህ ያስቀመጡሽ ለምንድን ነበር፣ ልጄ?»

«እሱን እንድጠብቅ።»

«እኔንስ?»

 

ትርፉን አልነካውም አሉ፤ ስለ ዋናው ገንዘብ ሼሆቹን ይጠይቃሉ። እስከዚያ ምዝገባው ያልፋል። የወ/ሮ ዘይነባ ጉልበት ለከርሞ ያደርሳት እንደሆነ አላህ ያውቃል አሉ። ለሷ ራሴ እነግራታለሁ፣ አንቺ እንዳትደውዪ አሉኝ። ቅጹን ሳይፈርሙ ወደኔ ገፋ አድርገው ወጡ።

በሩን ዘግቼ አለቀስኩ። ከዚያ ሁለት ደንበኛ አስተናገድኩ።

ማክሰኞ፣ የካቲት 17፣ ጠዋት 3፡30

ሪፖርቱን ጻፍኩ። «ጥፋት የፈጸመው ሠራተኛ» የሚል መስመር አለ። መጀመሪያ የራሴን ስም፣ ከሥሩ የደሳለኝን። አንዱን ቅጂ ለዋ/መ/ቤት፣ አንዱን ለመንግሥት ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት ላክሁ። ለደሳለኝ ቀድሜ ነገርኩት። እሺ እትዬ ብቻ አለ። ከስድብ የከበደ እሺ።

ሥ/አስኪያጁ እየደወለ ነው። አራተኛ ጊዜው። አላነሳሁም። ኔትወርኩ ሳይሄድ ባዶ ቅጽ ለፈረሙት በሙሉ አንድ በአንድ መደወል አለብኝ፤ ክምሩ ፊቴ ነው፣ ሠላሳ አንድ ሰው። ከሥራ እስኪያባርሩኝ የስንቱን አደርስ ይሆን?

የመጀመሪያዋ ወ/ሮ ጥሩነሽ፣ ከድብ ባሕር፣ ባል የሞተባቸው። ይጠራል። አነሱት።