ሁሉም ደህና ነው የሚለው ካርድ

ይድረስ ለምወድሽ እህቴ ለእትዬ፣

«ይቺ ልጅ ምን ዋጣት? ሥራ አገኘሁ ብላ በዚያው ጠፋችሳ?» ሳትዪ አልቀረሽም። እውነትሽን ነው። አልታመምኩም፣ አልኮራሁምም። በስልክ ልነግርሽ ስጀምር ከጎንሽ አባዬ ይሰማል ብዬ እየፈራሁ ነገሩን ዋጥ አድርጌ ስዘጋው ከረምኩ። ዛሬ ግን ቁጭ ብዬ ልጻፍልሽ አልኩ።

ለመሆኑ እንደምን ሰነበትሽ? ጉልበትሽ እንዴት ነው፣ ያ ደረጃ አሁንም ያስቸግርሻል? እማዬስ እንዴት ናት፣ ዓይኗስ? ትንሿ ልጅሽ መናገር ጀመረች ወይስ አሁንም ቤቱን በጣቷ እያዘዘች ነው? ስለ አባዬ ወደ ታች ላይ በደንብ እጠይቅሻለሁ፣ ለአሁኑ እንዲሁ ሰላም በይልኝ። እኔም ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነኝ ልል ነበር፤ ግን ሰሞኑን «ደህና» የሚለውን ቃል መጠርጠር ጀምሬአለሁ። ለምን እንደሆነ ላጫውትሽ።

ሥራዬ ሆስፒታል ውስጥ ነው። ሐኪሞቹ ሰው ያክማሉ፣ እኔ ኮምፒውተሮቹን እጠብቃለሁ። ሰርቨር የሚባሉት ትልልቆቹ ማሽኖች ያሉበት ክፍል ድሮ የአንሶላ ማስቀመጫ ነበር አሉ፤ መደርደሪያው እስካሁን ግድግዳው ላይ አለ። መስኮት የለውም፣ ማቀዝቀዣው ያለ ዕረፍት ይነፍሳል፣ ስለዚህ አንቺ የሠራሽልኝን ሹራብ ከላዬ አላወርደውም። የሙከራ ጊዜዬን ገና አልጨረስኩም። አብሮኝ የሚሠራው አንድ ጎልማሳ ቴክኒሻን ነው፤ ስለ ምንም ነገር ሲጠየቅ «ይሠራል፣ አትንኩት» ስለሚል ሆስፒታሉ በሙሉ «አቶ ይሠራል» ነው የሚለው። እሱ ደግሞ እኔን «ዲግሪ» ይለኛል። ክፉ ሰው እንዳይመስልሽ፤ ምሳውን ሳያካፍለኝ አይበላም። ከምሳው ጋር ሽሙጡንም ያካፍለኛል እንጂ።

ከማሽኖቹ አንዱ የራጅ ምስሎች የሚቀመጡበት ነው። በውስጡ ስድስት ዲስኮች አሉ፣ እነሱን የሚያስተዳድር ደግሞ አንድ ካርድ። አባዬ ከባድ ቁም ሳጥን ሠርቶ ሲያስወጣ ስድስት ሰው ይሸከም የለ? አንዱ ደክሞት ቢለቅ አምስቱ ጎንበስ ብለው ይይዙታል፣ ቁም ሳጥኑም አይወድቅም። ሁለተኛው ከለቀቀ ግን መሬት ነው። ዲስኮቹም እንደዚያው ናቸው። ችግሩ ሊኑክስ፣ ማለትም ማሽኑን የሚያንቀሳቅሰው ፕሮግራም፣ ተሸካሚዎቹን አያያቸውም። ካርዱ ከፊታቸው ቆሞ «አንድ ትልቅ ዲስክ አለ፣ ደህና ነው» ይለዋል። እኛም ግድግዳው ላይ በተሰቀለው ስክሪን የምናየው ይህንኑ ነው። አረንጓዴ፣ ሁልጊዜ አረንጓዴ።

እኔን ደግሞ ታውቂኛለሽ፣ የተዘጋ ነገር ካልከፈትኩ አላርፍም። ካርዱን በቀጥታ የሚያናግር ትእዛዝ አለና፣ ስለ ቁም ሳጥኑ መጠየቁን ትቼ ስለ እያንዳንዱ ተሸካሚ ጠየቅኩት። አንዱ ዲስክ ሞቷል። የሞተው ደግሞ እኔ ከመቀጠሬም በፊት ነው። ሌላው፣ ሊነበብ የማይችል ቦታ እየበዛበት፣ «ልሄድ ነው» እያለ ራሱ ይናገራል፤ የሚሰማው ግን የለም።

ካርዱ እንዲህ ያለ ነገር ሲገጥመው መጮህ ነበረበት። ታዲያ ለምን አልጮኸም ብዬ አቶ ይሠራልን ብጠይቀው ጭንቅላቱን አከከ። ለካ ጮኾ ነበር። ከግድግዳው ማዶ የተኙ ሕመምተኞች ስላሉ፣ ነርሶቹ «ሰዎቹን እንቅልፍ ነሳብን» ብለው መጡበት። እሱም የካርዱን አፍ ዘጋውና በኋላ አየዋለሁ ብሎ ወደ ሌላ ሥራ ሄደ። ስክሪኑ አረንጓዴ ስለነበረ ያ «በኋላ» ሳይመጣ ቀረ።

ለአለቃችን ነገርኩት። እሱም «ይሠራል አይደል?» አለኝ፤ በሽታው ተላላፊ ነው መሰለኝ። የምስሎቹ ቅጂ የት ነው ብል፣ ቅጂ የሚይዘው ማሽን ሞልቶ ካቆመ ቆይቷል። የራጅ ባለሙያዋ እዚያ ባትኖር ነገሩ በዚያው ይቀር ነበር። ሳንባዋ ላይ ጥላ የታየባት አንዲት ሴት ሰኞ እንደምትመጣ ነገረችው። ጥላው ማደግ አለማደጉን ሐኪሙ የሚያውቀው የድሮውንና የአሁኑን ምስል ጎን ለጎን አይቶ ነው፤ የድሮው ከሌለ በመርፌ ከሳንባዋ ቁራጭ ወስደው ነው የሚመረምሩት። አለቃችን እንግዲያው የእሷን ምስል ለይታችሁ ገልብጡት አለ። ባለሙያዋ ድምፅዋን እንኳ ሳታነሣ፣ «የሰኞዋን አወቅናት፤ የማክሰኞዋንስ?» አለችው።

እሱም ቅዳሜ ሥራ ሲቀንስ ዲስኩ ይቀየር ብሎ ወደ እኔ ዞረ። «ያገኘሽው አንቺ ነሽ፣ የምትቀይሪውም አንቺ ነሽ። ከወደቀ ደግሞ...» አለና አልጨረሰውም። የሙከራ ጊዜ ላይ ያለ ሰው ደግሞ ይህን አባባል ራሱ ይጨርሰዋል።

መቀየሩ ራሱ ለምን እንደሚያስፈራ ልንገርሽ። አዲስ ዲስክ ሲገባ ባዶ ነው፤ ድርሻውን የሚሞሉለት አምስቱ የያዙትን ሁሉ እንደገና አንብበው ነው። የታመመው ዲስክም አብሮ መሮጥ አለበት። በሩጫው መሀል ከወደቀ ሁሉም ነገር አብሮት ይሄዳል። ባዶ ቦታ ባገኘንበት ሁሉ ምስሎቹን ስንገለብጥ ሰነበትን፤ ግማሹን እንኳ የሚችል ቦታ አላገኘንም።

ዛሬ ጠዋት ገባንበት። ካርዱ የሞተውን «ቁጥር ሦስት» ይለዋል። አቶ ይሠራል በጣቱ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ብሎ ቆጠረና «ይኸው ዲግሪ፣ ሳቢው» አለኝ። እጄ መያዣው ላይ አርፎ ነበር። ወዲያው ትዝ አለኝ፣ ካርዱ የሚቆጥረው ከዜሮ ነው። እሱ ሦስት የሚለው ለእኛ አራተኛው ነው፤ እጄ ያረፈበት ጤነኛው ነበር። እጄን አነሣሁና የሞተውን በመብራት እንዲያሳየን ካርዱን አዘዝኩት። ከጎኑ ያለው ብልጭ ብልጭ አለ። አቶ ይሠራል እሳት እንደነካው ጣቱን ሰበሰበ። «ከዜሮ የሚቆጥር ምን ዓይነት ፍጡር ነው?» አለ፣ ድምፁ ግን የቀልድ አልነበረም። ከዚያ ወዲህ ዲግሪ አላለኝም፤ «ልጄ» ነው የሚለኝ።

ይኸው አሁን ማሽኑ አጠገብ የተገለበጠ ሣጥን ላይ ተቀምጬ ነው የምጽፍልሽ። አዲሱ ዲስክ ቀስ በቀስ እየሞላ ነው፤ ግማሹን አልፏል። የታመመው አንድ ጊዜ አንገራግሮ ነበር፣ እስክሪብቶዬን ጥዬ ተነሣሁ፣ እንደገና ቀጠለ። ምንም ላደርግለት አልችልም። ማየት ብቻ ነው።

እትዬ፣ ይህን ሁሉ ያወራሁሽ ሥራዬን እንድታደንቂልኝ አይደለም። እዚህ ተቀምጬ የማስበው ስለ አባዬ ነው። ድሮ ስደውል የመጋዙ ጩኸት አላወራ ስለሚለን «አባዬ፣ እስቲ አንዴ ተወው፣ አትሰማኝም!» ትዪው ነበር። ከሰሞኑ ድምፅሽ ጥርት ብሎ ይሰማኛል። መስመሩ ተሻሻለ ብዬ ደስ ብሎኝ ነበር፣ እኔ ሞኟ። መጋዙ የት ሄደ? ስጠይቅሽ «ሁላችንም ደህና ነን» ትይኛለሽ። እማዬ ትቀበልሽና «ሁላችንም ደህና ነን»። እሱ ራሱ «እኔ ምን እሆናለሁ፣ አንቺ ሥራሽን ያዢ» ይለኝና ስልኩን ሲመልስ ትንፋሹን ሲሰበስብ እሰማዋለሁ።

ሆድ ካገር ይሰፋል ይባላል። የደበቃችሁኝ ለእኔው ብላችሁ እንደሆነ፣ ልጅቷ በሙከራ ጊዜዋ እንዳትረበሽ ብላችሁ እንደሆነ አውቃለሁ። ነርሶቹም ካርዱን ያስዘጉት ለሕመምተኞቹ ብለው ነው። ደግሞ ሌላ የማይለቀኝ ሐሳብ አለ፦ እሱ ሸክሙን ለቆ ከሆነ የእሱን ድርሻ ጎንበስ ብሎ የያዘው ማነው? ጉልበትሽን ያመመሽ በደረጃው ብቻ ነው እትዬ?

እዚህ ላይ አቁሜ ተነሥቼ ነበር። አለቀ። አዲሱ ዲስክ ሞልቷል፣ ምስሎቹ አሉ፣ የዚያች ሴትም፣ የማላውቃቸው ሰዎችም። ካርዱ «ደህና» አለኝ። አላመንኩትም፣ አንድ በአንድ ጠየቅኩት። አምስቱ ጤነኞች ናቸው፤ የታመመው ግን አሁንም ታሟል፣ እሱም መቀየር አለበት። ለአለቃችን ብደውልለት «ይሠራል አይደል?» አለኝ። «ይሠራል፣ ግን ደህና አይደለም» አልኩት። እንግዲያው ሰኞ ሌላ ዲስክ ጠይቂ አለኝ። አቶ ይሠራል የካርዱን አፍ በራሱ እጅ ከፈተውና ነርሶቹ ዘንድ ሄዶ፣ ከጮኸ እኛን ጥሩን እንጂ ዝም አሰኙት አትበሉን ብሏቸው መጣ። እኔም እያንዳንዱን ዲስክ በየሰዓቱ እየጠየቀ ለእኔና ለራጅ ባለሙያዋ መልእክት የሚልክ ፕሮግራም ጽፌአለሁ።

ለእናንተ ግን ፕሮግራም ልጽፍላችሁ አልችልም። ያለሽኝ አንቺ ነሽ።

እማዬን ጉንጯን ሳሚልኝ፣ መድኃኒቷን ዓይኗ ውስጥ የሚጨምርላት ማን እንደሆነ ጠይቂልኝ። ባልሽን ሰላም በይልኝ፣ የአባዬን እንጨት አሁን የሚያነሣው እሱ ከሆነ እንዳይደብቀኝ ንገሪው። ትልቁን ልጅ፣ ያያትህን ሳል አስመስለህ አሳየኝ በይው፣ ልጅ አይዋሽም። ትንሿን በጣቷ ወዴት ወዴት እንደምታዝዝሽ ጻፊልኝ። አባዬን እጁን ሳሚልኝ፤ ስትስሚው እጁ አሁንም የእንጨት ዱቄት ይሸት እንደሆነ ልብ በይና ንገሪኝ።

መልስ ጻፊልኝ እትዬ። «ሁላችንም ደህና ነን» ብለሽ ግን አይደለም። አንድ በአንድ፣ ራስሽንም ሳትዘልዪ፣ ከራስሽ ጀምሪ።

ታናሽ እህትሽ፣
ከሰርቨር ክፍሉ፣ ከተገለበጠው ሣጥን ላይ፣ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ ኅዳር 12