በፎቶግራፌ ሥር የተጻፈው ቃል ይነሣልኝ

ቀን፦ መጋቢት 11

ለድረ ገጽ ስሞች ምዝገባ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ባሉበት

ጉዳዩ፦ በሥራ ቤቴ ስም የተከፈተው ድረ ገጽ በአስቸኳይ እንዲዘጋና ስሙ ወደ እኔ እንዲዛወር ስለመጠየቅ

ክቡር ኃላፊ፣

እኔ አመልካች፣ አንድ እግራቸው ከሌላው ላጠረ፣ ጣታቸው ለተቆረጠ፣ ቁርጭምጭሚታቸው ለማይታጠፍ ሰዎች በልካቸው ጫማ የምሠራ የእጅ ባለሙያ ነኝ። ሙያውን ከአባቴ ተምሬ ሃያ ሁለት ዓመት ሠርቼበታለሁ። የሥራ ቤቱ ስም “ቀስ በል” ይባላል። አባቴ አዲስ ጫማ የሚሞክረውን ደንበኛ ሁሉ “ቀስ በል፣ ቀስ በል” ስለሚሉት ሰፈሩ ያወጣላቸው ስም ነው። ቤቱ ሁለት ክፍል አለው። በፊተኛው ክፍል መለኪያ ወንበርና ደንበኞች ይዘውት የሚራመዱበት የእንጨት መደገፊያ፣ በኋለኛው ደግሞ ቆዳ፣ ማስቲሽና የየሰዉ ስም በእርሳስ የተጻፈባቸው፣ ጫማው የሚሰፋባቸው የእግር ቅርጽ ያላቸው የእንጨት ፎርማዎች ይገኛሉ። እግሩን በእጄ ሳልይዝ ለማንም ሰው ጫማ ሠርቼ አላውቅም። ይህን የምለው ራሴን ለማመስገን አይደለም። ከዚህ በታች የማስረዳው ጥፋት እንዲህ ከሚጠነቀቅ ሰው ቤት እንዴት እንደወጣ ለእኔም ስላልገባኝ ነው።

1. ከአራት ዓመት በፊት የባለቤቴ የእህት ልጅ፣ ድረ ገጽ በመሥራት የሚተዳደር የሠላሳ አምስት ዓመት ሰው፣ “እትዬ፣ አሁን እኮ ሰው ጫማ የሚፈልገው ሱቅ ለሱቅ እየዞረ አይደለም” ብሎ ድረ ገጽ ከፈተልኝ። በደግነት ነው ያደረገው። መዶሻ ይዤ፣ መነጽሬን ግንባሬ ላይ ሰቅዬ ፎቶግራፍ አነሣኝ። የምፈርመው ወረቀት ሲያቀርብልኝ ምን እንደሆነ ጠየቅኩት። “አይጨነቁ፤ እርስዎ ጫማዎን ይስፉ፣ ይሄን ለእኔ ይተዉት” አለኝ። ተውኩለት። ገጹ የይለፍ ቃል የሚባል ነገር እንዳለው እንኳ ያወቅኩት ዘንድሮ ነው።

ገጹ አልጠቀመኝም ብል እዋሻለሁ። ስሜን ሰምተው ከማያውቁ ከተሞች ሰዎች ይደውሉልኝ ጀመር። አንዲት መምህርት ሁለቱንም ጫማ በአንድ ቁጥር ገዝታ፣ የአንዱን አፍንጫ በጨርቅ እየጠቀጠቀች ሃያ ዓመት እንደኖረች ስትነግረኝ በስልክ አልቅሳለች።

2. ባለፈው ነሐሴ ይኸው የባለቤቴ የእህት ልጅ ደወለና “ጽሑፉን አሳምሬልዎታለሁ። ከእንግዲህ ሰው ሲፈልግ መጀመሪያ የሚመጣለት የእርስዎ ገጽ ነው” አለኝ። እጄ ማስቲሽ ነክቶት ነበርና ስልኩን በትከሻዬ ደግፌ “ተባረክ” አልኩት። ምን ብለህ አሳመርከው አላልኩም።

ክቡር ኃላፊ፣ እኔ ማንበብ የማልችል ሰው አይደለሁም። ስልኬም ገጹን ይከፍታል። ነገር ግን አምስት ወር ሙሉ አልከፈትኩትም። የኮምፒውተር ነገር ሲነሣ “ይሄ የእኔ አይደለም፣ የሚያውቁት ያውቁታል” የምትል ምቹ ሐሳብ ነበረችኝ። ስሜ፣ ፊቴና ስልክ ቁጥሬ ያለበትን ነገር የእኔ አይደለም ስል ኖሬአለሁ።

3. ጥር 19 ቀን ከቀትር በፊት አንዲት እናት የሦስት ዓመት ሴት ልጇን አዝላ ወደ ሥራ ቤቴ ገባች። ሁለት ቀን በአውቶቡስ ተጉዛ ነው የመጣችው። የልጅቷ እግሮች ከተወለደች ጀምሮ ወደ ውስጥ የዞሩ ናቸው። በከተማቸው ሆስፒታል በየሳምንቱ እየተቀየረ የሚታሰር፣ እግርን በጥቂት በጥቂቱ ወደ ቦታው የሚመልስ ጀሶ ተጀምሮላት፣ አምስት ጊዜ ታስሮላት ነበር። ልጅቷን ከወንበሩ ላይ ሳሳርፋት ግን እግሯ ባዶ ነበር። “ጀሶውስ?” አልኳት እናቷን። ስልኳን አውጥታ አሳየችኝ። ፎቶግራፌ ነው። በሥሩ እንዲህ ይላል፦

“የተጣመመ እግር ያለ ጀሶ፣ ያለ ቀዶ ሕክምና፣ በልዩ ጫማችን በሠላሳ ቀን ይስተካከላል።”

አንድም ፊደል ሳልጨምር፣ ሳልቀንስ ነው የገለበጥኩት።

እናትየው ይህን አንብባ፣ ጀሶውን በሞቀ ውሃ ነክራ በገዛ እጇ ፈትታዋለች። ከፈታችው አምስት ሳምንት አልፎት ነበር። ልጅቷ ጀሶው ሲታሰር ትጮህ ስለነበር የተገላገለች መስሏት ነው። “እኔ አይደለሁም የጻፍኩት” አልኳት። ስልኩን አየች፤ ቀና ብላ እኔን አየች። “እርስዎ አይደሉም እንዴ ፎቶው ላይ ያሉት?” አለችኝ።

 

የልጅቷን ተረከዝ በመዳፌ ያዝኩት። ወደ ላይ ተሰብስቦ አልታዘዝ አለኝ። እሷ ግን የኮረኮርኳት መስሏት ሳቀች። ያን ጊዜውኑ የሥራ ቤቱን ዘግቼ ሁለቱንም ወደ አጥንት ሐኪም ይዤ ሄድኩ። ሐኪሟ የቀድሞውን ወረቀት ካየች በኋላ “ከሀ እንጀምራለን። ቀዶ ሕክምና ያስፈልጋት እንደሆነ ግን አሁን ልነግራችሁ አልችልም” አለች።  ኮሪደሩ ላይ ስንደርስ እናትየው ልጇን ለእኔ አቀበለችኝና ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

4. በማግስቱ የባለቤቴ የእህት ልጅ ቢሮ ሄድኩ። የልጅቷን ነገር ስነግረው ደነገጠ። ጽሑፉን ከሌላ ገጽ ላይ እንደገለበጠው፣ ሰው አብዝቶ የሚፈልገው እንዲህ ያለውን ቃል ስለሆነ እንጂ ክፉ አስቦ እንዳልሆነ ነገረኝ። አምነዋለሁ። “ዛሬውኑ አነሣዋለሁ” አለኝ። አላነሣውም። በሦስተኛው ቀን ስደውልለት፣ ሕግ የሚያውቅ ጓደኛው “ከነካኸው ጥፋትህን አመንክ ማለት ነው” እንዳለው ነገረኝ። እንግዲያው የይለፍ ቃሉን ስጠኝና እኔ ላንሣው ስለው፣ “እትዬ፣ ስሙ የተመዘገበው በእኔ ነው። ማንም ቢነካው የሚጠየቀው እኔው ነኝ” አለ። ከዚያ ወዲህ ስልኬን አያነሣም።

የባለቤቴ እህት “ልጄን አሳልፋ ልትሰጥ ነው” ብላ ከቤታችን ቀርታለች። ባለቤቴም “ትንሽ ታገሺ” ይለኛል። ይህን ማመልከቻ ለመጻፍ ስቀመጥ ኮቱን አንሥቶ ወጥቷል። ለእሱ የእህቱ ልጅ ነው፤ አልፈርድበትም። ነገር ግን እኔ በታገስኩ ቁጥር ያ ዓረፍተ ነገር እየተነበበ ነው።

5. ወደ ጽሕፈት ቤትዎ ሦስት ጊዜ መጥቻለሁ። በመስኮት ቁጥር አራት የምትሠራው ሠራተኛ በትሕትና አስተናግዳኛለች፤ ወንበርም አምጥታልኛለች፤ በእሷ ላይ ቅሬታ የለኝም። ሆኖም “ቀስ በል” የሚለውን ስም ፈልጋ ካየች በኋላ “እናቴ፣ ሲስተሙ እርስዎን አያውቅዎትም” አለችኝ። የአባቴ ስም ነው ብዬ ማስረዳት ጀመርኩ። ከኋላዬ ሰልፍ ነበር፤ አፍሬ ተውኩት። በሁለተኛው ቀን አስመዝጋቢውን ይዤ እንድመጣ፣ በሦስተኛው ቀን ደግሞ ፍርድ ቤት እንድሄድ ተነገረኝ። ፍርድ ቤት የሰጠኝ ቀጠሮ ሰኔ ላይ ነው።

6. እጄን አጣጥፌ እንዳልተቀመጥኩ እንዲታወቅልኝ የሚከተለውን እጨምራለሁ። ከሥራ ቤቴ ጎን መነጽር የሚጠግኑ አንድ አዛውንት አሉ። የራሳቸውን ድረ ገጽ ራሳቸው ነው የሚያስተዳድሩት። ችግሬን ስነግራቸው “እሑድ ጠዋት ነይ፤ ሌሎችም አሉ” አሉኝ። ቁልፍ ቀራጩ፣ መጋረጃ ሰፊዋ፣ ፍራሽ ሠሪዋና እኔ በእሳቸው ጠባብ ክፍል አንድ ኮምፒውተር ከበን እንማራለን። በመጀመሪያው ቀን “ስሙ የቤትሽ አድራሻ ነው፤ ገጹ ቤቱ ነው፤ የይለፍ ቃሉ ቁልፉ ነው። ከሦስቱ የትኛው በእጅሽ አለ?” ብለው ጠየቁኝ። “አንዱም” አልኩ። ቁልፍ ቀራጩ ከት ብሎ ሳቀ። ሲጣራ የእሱም ቁልፍ በሌላ ሰው እጅ ሆኖ ተገኘ። የፍራሽ ሠሪዋ ገጽ ደግሞ ከለቀቀችው ሁለት ዓመት ወዳለፈው ሱቅ ደንበኞቿን ይልክ ነበር።

አሁን በአንድ ጣትም ቢሆን እጽፋለሁ፤ ፎቶግራፍ አስገባለሁ፤ የተሳሳተውን አርማለሁ። የከበደኝ ግን እሱ አይደለም። አዛውንቱ የጻፍነውን ዓረፍተ ነገር ሁሉ ጮክ ብለን እንድናነብ ያደርጉና “ይሄን ማን ነው ያለው? አንቺ ነሽ? እርግጠኛ ነሽ?” ይላሉ። እኔ “ለማንኛውም እግር ጫማ እንሠራለን” ብዬ ጽፌ ነበር። “ለማንኛውም?” አሉኝ። ቆም ብዬ አሰብኩ። ቁስል ላለበት እግር አልሠራም፤ ሐኪም ሳያየው ለሕፃን እግር አልሠራም። ይህን ሁልጊዜም አውቀዋለሁ፤ ጠይቆኝ የሚያውቅ ሰው ግን አልነበረም፤ እኔም ራሴን ጠይቄ አላውቅም። ሰረዝኩት። ስምንት ዓረፍተ ነገር ለመጻፍ ሦስት እሑድ ፈጅቶብኛል።

በሌላ ስም የከፈትኩት አዲሱ ገጽ የሚጀምረው “እኛ ጫማ እንሠራለን፤ እግር አናክምም። ሐኪም ያሰረውን ጀሶ አትፍቱ” በሚል ነው። ይሁን እንጂ ሰው ሲፈልግ ዛሬም መጀመሪያ የሚመጣለት አሮጌው ገጽ ነው። የእኔው እውነት ከእኔው ውሸት ሥር ተቀብሮ ይገኛል።

7. ስለዚህ በትሕትና የምጠይቀው፦

ሀ) ስሙ ለማን እንደሚገባ ተጣርቶ እስኪወሰን ድረስ አሮጌው ገጽ ለማንም እንዳይታይ በአስቸኳይ እንዲታገድልኝ፤

ለ) ከተጣራ በኋላ ስሙ በንግድ ፈቃዴ መሠረት ወደ እኔ እንዲዛወርልኝ።

ሌላም አለኝ፤ መጠየቅ የምችል ከሆነ። ከእንግዲህ አንድ ሰው የሌላውን የሥራ ቤት ስም ሲያስመዘግብ፣ ጽሕፈት ቤቱ ለባለቤቱ ደውሎ “ይህ ስም በማን እጅ እንደሚሆን ያውቃሉ?” ብሎ ቢጠይቅ መልካም ነው። እኔ ያን ቀን እንዲህ ብባል ኖሮ ቢያንስ ወረቀቱን አነበው ነበር።

የባለቤቴ የእህት ልጅ እንዲቀጣ አላመለክትም። የሚጠየቅ ሰው ካለ እኔም አለሁበት፤ በተጠራሁበት ቀን እቀርባለሁ። ገጹ ሲዘጋ በእሱ በኩል የሚመጡ ደንበኞቼ እንደሚቀሩም አውቄ ነው የምጠይቀው።

እናትየውና ልጅቷ ሕክምናው እስኪያልቅ በቤታችን ተቀምጠዋል። ልጅቷ እንደ አዲስ ከተጀመረላት ሕክምና ስድስተኛው ጀሶ ታስሮላታል፤ በቆዳ ምልክት ማድረጊያ እርሳሴ ክብ ክብ ትሥልበታለች። ሐኪሟ “ጥሩ ነው” ትላለች፤ ቀዶ ሕክምና አያስፈልጋትም ግን እስካሁን አላለችም። እናትየው ከእኔ ጋር የምትነጋገረው ስለ ሐኪም ቀጠሮ ብቻ ነው። የልጇ ስምና ፎቶግራፍ ለማንም እንዳይሰጥ አስጠንቅቃኝ፣ የምስክርነት ቃሏን ከዚህ ማመልከቻ ጋር አያይዤ እንዳቀርብ ፈቅዳልኛለች።

ክቡር ኃላፊ፣ በአሮጌው ገጽ ላይ ያለው ስልክ ቁጥር የእኔው ነው። ከጥር ወዲህ አሥራ አንድ ሰዎች ደውለው “በሠላሳ ቀን ነው አይደል?” ብለውኛል። ለሁሉም “አይደለም፤ ወደ ሐኪም ሂዱ” ብያለሁ። አንዱ አባት “ታዲያ ለምን ጻፍሽው?” ብሎ ሰድቦኝ ዘጋው፤ ቢሰድበኝም ሰምቶኛልና እፎይ አልኩ። የሚያስጨንቀኝ ሳይደውል የሚያምነው ሰው ነው። ማን እንደሆነ፣ የት እንዳለ አላውቅም። ከእርስዎ በቀር እሱ ዘንድ የሚያደርሰኝ የለም።

አክብሮትና ሰላምታዬ ካሉበት ይድረስዎ፤

አመልካች
የ“ቀስ በል” የጫማ ሥራ ቤት ባለቤት
(ፊርማ)

አባሪ፦ የገጹ ሙሉ ጽሑፍ ቅጂ፣ የንግድ ፈቃድ፣ የሐኪም ማስረጃ፣ የእናትየው የምስክርነት ቃል