«የለም» ብዬ የሞላሁት መስመር

ሰኞ፣ ኅዳር 8

ስልኩን አሁን ዘጋሁት።

የደወለው ከደህንነት ማጣሪያ ክፍሉ ነው። «የአሥራ አንዱን ሠራተኞች ቅጽ ያዘጋጀሽው አንቺ ነሽ?» አለኝ። ነኝ አልኩት፣ ኮራ ብዬ። «ሽፈራው ደምሴ የተባሉት ሰው አሻራቸው ሽፈራው አላምረው በሚል ስም ተገኝቷል። ቅጹ ላይ ግን ሌላ የሚጠሩበት ስም ‹የለም› ብለው ፈርመዋል። ሐሙስ ሦስት ሰዓት ይቅረቡ።» እስከዚያ የሌሎቹ የአሥሩም ፈቃድ አይወጣም።

ለማንም ያልተናገርኩትን እዚህ ልጻፈው። «የለም» ያሉት ጋሽ ሽፈራው አይደሉም። እኔ ነኝ።

ድርጅታችን ጄኔሬተር ይጠግናል። አሁን ከአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ጋር ውል ይዘናል፤ እዚያ ግቢ ለመግባት ግን ሠራተኛው ሁሉ የደህንነት ማጣሪያ ማለፍ አለበት። ወረቀቱን ማስጨረስ የኔ ሥራ ነው። ከተመረቅኩ የመጀመሪያዬ። በእጃቸው የሞሉትን ሳየው አስጠላኝ። ስርዝ ድልዝ፣ ግሪስ፤ አንዱማ የጋብቻ ሁኔታ በሚለው ላይ «እግዜር ያውቃል» ብሏል። ማንም ሳያዘኝ አሥራ አንዱንም በኮምፒውተር እንደገና ጻፍኩት። ጋሽ ሽፈራው ሌላ ስም በሚለው መስመር ላይ «አላምረው» ብለው ነበር። መታወቂያቸው ላይ የለም፣ የሥራ ፋይላቸው ላይም የለም። ጥያቄው አልገባቸውም ብዬ «የለም» አደረግኩት። እሳቸውም ሳያነቡ ፈረሙ። «አንቺ ካየሽው ይበቃል» አሉኝ።

በእጅ የተጻፉትን ቀድጄ ጥያለሁ።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 9

ከዓለም ባንክ እስከ ዘነበወርቅ ታክሲ ውስጥ ለማጣሪያ ክፍሉ የምለውን ስለማመድ መጣሁ።

አንደኛ፦ ረስተውት ነው ማለት።
ሁለተኛ፦ ኮምፒውተሩ ነው ማለት። (ኮምፒውተር ምን በወጣው።)
ሦስተኛ፦ እውነቱን።

ጋሽ ሽፈራው ግቢው ውስጥ የጄኔሬተር ሆድ ከፍተው አገኘኋቸው። ከሁላችንም በላይ ሙያውን የሚያውቁት እሳቸው ናቸው፤ ውሉም የተገኘው በሳቸው ነው ይባላል። «ስም ላይ ትንሽ ነገር አለ፣ ሐሙስ ይፈልጉዎታል» አልኳቸው። ትንሽ ነገር!

«የአላምረው ነገር ነው?» አሉ፣ ቀና እንኳ ሳይሉ። ልጅ ሳሉ አባታቸው አላምረው ጎጃም ሞቱ። አጎታቸው ደምሴ አዲስ አበባ አምጥቶ ሳንሱሲ አሳደጋቸው፣ ትምህርት ቤትም በራሱ ስም አስገባቸው። ወጣት ሳሉ እናታቸው ዘንድ ተመልሰው ወታደር ቤት ጋራዥ ተቀጥረው ነበር፤ አገሩ የሚያውቃቸው በአባታቸው ስም ስለሆነ አሻራውንም በዚያ ሰጡ። ይኸው ነው። ሌላ ምስጢር የለውም።

«ጽፌላቸዋለሁ እኮ» አሉኝ። «አላዩት ይሆናል። ያዩታል።»

እሺ ብዬ ሄድኩ። እሺ ብዬ!

ረቡዕ፣ ኅዳር 10

ጠዋት ለወይዘሮ ጽጌ ነገርኳቸው። የሠራተኛ አስተዳደር ኃላፊያችን ናቸው። በሩን ዘጉት።

«ስሚኝ ሄሉ። ፊርማው የማን ነው?»

«የጋሽ ሽፈራው።»

«በቃ፣ ረሳሁት ይበሉ። ሽማግሌ ናቸው፣ ይታለፋሉ።»

«ካልታለፉስ?»

ወረቀት አገላበጡ። «ድርጅቱ የሠራተኛ ቅጽ ይቀይራል ከተባለ አሥራ አንዱም ይሰረዛል። ውሉም አብሮ ይሄዳል። አንቺ ደግሞ ገና የሙከራ ጊዜሽን አልጨረስሽም። አፍሽን ያዢ፣ ለራስሽ ነው።»

ክፉ ሰው አይደሉም። ያ ነው የሚከብደው። እስከ ምሳ ልክ ናቸው እያልኩ ዋልኩ።

ከምሳ በኋላ እግሬ ራሱ ወደ ግቢው ወሰደኝ። ቆሜ ነገርኳቸው፣ በአንድ ትንፋሽ። ጋሽ ሽፈራው መፍቻውን በጨርቅ መጥረግ ጀመሩ፤ ጠረጉ፣ ጠረጉ።

«ቀደድሽው?»

«አዎ።»

«የአባቴን ስም በእጄ ከጻፍኩ ስንት ዘመኔ። ጥያቄውን ሳየው ደስ ብሎኝ ነበር። የሚጠይቀኝ ተገኘ ብዬ።»

ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር። የወይዘሮ ጽጌን ሐሳብ ነገርኳቸው፣ ረሳሁት ቢሉ ሊያልፉ ይችላሉ ብዬ። ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ሐሰተኛ ብለው ቢያባርሩኝ ልባረር። አጎቴን አከብራለሁ፣ አባት ሆኖኛል። ግን የወለደኝን ረሳሁት ብዬ በፊርማዬ አልሰጥም። አንቺ የመሰለሽን በይ፣ ልጄ።»

አሁንም ልጄ አሉኝ።

ሐሙስ፣ ኅዳር 11

እኔና ጋሽ ሽፈራው ስልካችንን ማጣሪያ ክፍሉ በር ላይ አስረከብን። የማጣሪያው ባለሙያ በዕድሜ ከወንድሜ አይበልጥም፣ ፊቱ ግን የተቆለፈ በር ነው። ቅጹን ወደ ጋሽ ሽፈራው አዞረው።

«እዚህ ላይ ‹የለም› ይላል፣ አባት። ፊርማው የርስዎ ነው?»

«ፊርማው የኔ ነው። ቃሉ የኔ አይደለም።»

«ታዲያ የማን ነው?»

ወደኔ አላዩም። ያንን አልረሳውም። ጣሪያውን ነው ያዩት፣ እኔን ላለማሳጣት።

«የኔ ነው» አልኩ። ድምፄ የሌላ ሰው መሰለኝ።

ጥያቄው ወረደብኝ። ዘመድ ነሽ? አይደለሁም። ማን አዘዘሽ? ማንም። ዋናው የታለ? ቀድጄዋለሁ። ሌላስ የቀየርሽው አለ?

አሰብኩ። «‹እግዜር ያውቃል› የሚለውን ‹ያላገባ› አድርጌዋለሁ።»

«ምን?»

አስረዳሁት። አልሳቀም። እስክሪብቶውን ግን ለጊዜው አስቀመጠው።

ቃሌን በጽሑፍ ሰጠሁ፣ ሁለት ገጽ። ለጋሽ ሽፈራው አዲስ ቅጽ ተሰጣቸው። ፊደሉን አንድ በአንድ ነው የሚጽፉት። መስመር የሳቱ መስሎኝ ጣቴን ልጠቁም ስል ባለሙያው «አንቺ ተቀመጪ» አለኝ። ተቀመጥኩ። ሌላ ስም የሚለው ጋ ሲደርሱ ቀስ ብለው ጻፉት፣ ከሌላው ሁሉ ጫን አድርገው።

ስንወጣ ባለሙያው፦ «ሌሎቹ አሥሩም ነገ መጥተው በእጃቸው ይሙሉ። የኚህ ሰው ለብቻው ይታያል። ቃልሽንም አብሬ ነው የማቀርበው።»

ይህ ጥሩ ነው መጥፎ? ጋሽ ሽፈራውን ጠየቅኳቸው። «ሻይ ጠጪ» አሉኝ።

ዓርብ፣ ኅዳር 12

ከተማው በጭስ ታፍኗል፤ ኅዳር ሲታጠን ነው፣ በየሰፈሩ ቆሻሻ ይቃጠላል። በሰርቪሱ አሥሩን ይዤ ሄድኩ። ሾፌራችን ቢኒያም በቀልድ አላስቀመጠኝም። «እኛ ቅጽ ስንሞላ አንቺ መኪና ውስጥ ብትቆዪ አይሻልም? እጅሽ ያሳስበናል።» ሁሉም ሳቁ። ይገባኛል።

ያ «እግዜር ያውቃል» ያለው ልጅ ጋብቻ ጋ ሲደርስ ዞሮ አየኝ። «ምን ልበል?»

«እኔን አትጠይቀኝ» አልኩት።

ወይዘሮ ጽጌ ቢሮ ስመለስ አልጮሁም። «አፍሽን ያዢ ብዬሽ ነበር።» አቤት አልኩ። «አሁን የሁለታችሁም ነገር የጋሽ ሽፈራው ማጣሪያ ላይ ነው። የሳቸው ከወደቀ የቅጥር ደብዳቤሽን የምፈርምበት ምክንያት የለኝም። ጋሽ ሽፈራውም ይህ ውል ካለፋቸው የምሰጣቸው ሌላ ሥራ የለኝም። ለሁለታችሁም ጸልዪ።»

ስለ ራሴ የተሰማኝ በጣም ትንሽ ነው። ጥፋቱ የኔ፣ እንጀራው የሳቸው።

ሰኞ፣ ኅዳር 15

ጠዋት የአሥሩ ወጣ። ውሉ ተረፈ። አሥሩ እየተሳሳቁ ወደ አዲሱ ሥራ ሲሄዱ ጋሽ ሽፈራው ብቻቸውን ግቢው ውስጥ ቀሩ፣ ማንም የማይፈልገውን አሮጌ ጄኔሬተር ይፈታሉ። በመስኮት እያየኋቸው ሥራ አልሠራሁም። ስልኩን ስንት ጊዜ አነሳሁ፣ ይሠራል ወይ ብዬ።

አሥር ሰዓት ሲሆን ጮኸ። ያው ድምፅ።

«ሽፈራው የተባሉት ሰው ነገ ሁለት ሰዓት መጥተው የመግቢያ ባጃቸውን ይውሰዱ።»

«አለፉ ማለት ነው?»

«ባጃቸውን ይውሰዱ አልኩሽ እኮ።» ከዚያም፣ «አንቺም ከእንግዲህ የሰው ቅጽ አታሳምሪ» ብሎ ዘጋው።

ደረጃውን እንዴት እንደወረድኩ አላውቅም። ጋሽ ሽፈራው ግማሽ አካላቸው ጄኔሬተሩ ሥር ነው። ነገርኳቸው። ከዚያ መፍቻው ሲቀመጥ ሰማሁ፣ ቀስ ብለው ወጡ፣ ጀርባቸውን ይዘው መሬቱ ላይ ተቀመጡ።

የኔ ደብዳቤ እስካሁን አልተፈረመም። ወይዘሮ ጽጌ ነገ እንነጋገራለን ብለው ወጥተዋል። ይሁን።

ጋሽ ሽፈራው አመሰግናለሁ አላሉም፣ ማለትም የለባቸውም። እጃቸውን ሲጠርጉ ቆይተው አንድ ነገር ብቻ ጠየቁኝ።

«በየትኛው ስም ነው ያወጡልኝ?»

አልጠየቅኩም ነበር። ልደውል አልኳቸው፣ ስልኬን እያወጣሁ።

«ተይው» አሉ። «ነገ ራሴ አየዋለሁ።»